በነሐሴ ከደብረ ማርቆስ ሰመራና አፍዴራ በመኪና፦ ሙቀቱን እንዴት እንወጣው?

ጨሞጋ፦

ጤና ይስጥልኝ የአገሬ ሰዎች። ነሐሴ በገባ በሳምንቱ አራት ሆነን ከደብረ ማርቆስ እንነሳለን። በአዲስ አበባ አድርገን አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ከዚያ ሰርዶ ላይ ታጥፈን አፍዴራ። ሥራው ቀን የማይሰጥ ስለሆነ ወደ ኅዳር ማሸጋገር አልተቻለም። መኪናው ባለናፍጣ ሃይሉክስ ነው፤ ኤሲው ይሠራል። ከመካከላችን አንዱ አጎቴ ናቸው፤ 61 ዓመታቸው ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ፍልሰታንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ።

አባይ በረሃን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ግን የአፋሩ ሌላ ነው ይሉናል። ስንት ሊትር ውሃ እንያዝ? በየትኛው ሰዓት እንንዳ? መኪናው ላይ ምን ይታይ? ሰው ድንገት ቢወድቅብን ምን እናድርግ?

የቆላው፦

ከእኛ አገር የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚሸወደው በወሩ ስም ነው። ነሐሴ ለጎጃም ጭቃና ጉም ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ቀኑ ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ ሌሊት ጋቢ ደርቦ ነው የሚተኛው። በዚያው ሳምንት ሰመራና ዱብቲ በጥላ ሥር 40 ዲግሪን ማለፍ የተለመደ ነው፤ ሌሊቱም ቢሆን 30 አካባቢ ይቆያል። «ክረምት ስለሆነ ይሻላል» የሚለው ሒሳብ እዚያ አይሠራም።

አባይ በረሃን ማወቅህ ጥሩ ነው፣ ግን አትመካበት። ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድልድዩ ጋ ቢያልብህም ከሰዓት ተኩል በኋላ ደጋ ላይ ነህ፤ ሰውነትህም ሞተርህም ይተነፍሳሉ። አፋር ላይ ማምለጫ ዳገት የለም። ከአዋሽ አልፈህ እስክትመለስ ቀኑም ሌሊቱም ሙቀት ውስጥ ነህ፤ በመጀመሪያው ቀን ያልጣለህ በሦስተኛው ይጥልሃል፣ ድካሙ ይደራረባልና። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። እናንተ ያን ያህል ጊዜ የላችሁም፤ ስለዚህ ያልለመደ ሰው ሆናችሁ አቅዱ።

ሰዓቱን እንዲህ ብታደርጉት ይሻላል። የመጀመሪያው ቀን እስከ አዲስ አበባ፣ ቢበዛ አዳማ። ሁለተኛው ቀን አዋሽ ሰባት ኪሎ ግቡና በጊዜ ተኙ። በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታችሁ ገዋኔን በጠዋት እለፉ፤ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ ቢዘገይ 5 ሰዓት ላይ ሎጊያ ወይም ሰመራ ግቡ። ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከጥላ አትውጡ። አፍዴራን በማግስቱ እንደገና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የምትጀምሩት። ከሰርዶ በኋላ ያለው መንገድ እንደ ጅቡቲው መስመር በየደቂቃው መኪና የሚያልፍበት አይደለም፤ እዚያ ላይ በቀትር መቆም ነው አደጋው። የአፍዴራ ሐይቅ አካባቢ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ ሙቀቱ እንደ ድስት ውስጥ ይታፈናል።

በደሴና በኮምቦልቻ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ከባቲ ወደ ሚሌ ያለው ቁልቁለት አለላችሁ። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ አትተኙ። የጋለ ፍሬን ከጋለ አየር ጋር ሲገናኝ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

አንድ ሰው የማይጠብቀው ነገር ጎርፍ ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ የሚጥለው ወሎ ደጋ ላይ ነው፤ ውሃው ግን በሚሌና በሎጊያ ወንዞች፣ በደረቅ መሻገሪያዎችም ይወርዳል። አናትህ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ቡናማ ውሃ ይመጣል። 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሳንቲ ሜትር ሃይሉክስ ይወስዳል። ቁሙና ጠብቁ፤ አብዛኛው ጎርፍ በሰዓታት ውስጥ ይቀንሳል።

መንገዱን ደግሞ ጠይቁ። አፋሮች ሲገናኙ የሚለዋወጡት ዳጉ የሚባል የወሬ ሥርዓት አላቸው፤ የመንገድ፣ የውሃ፣ የጎርፍ ወሬ በእሱ ይዛመታል። ሰላምታ አቅርባችሁ፣ ሳትቸኩሉ ከጠየቃችሁ የዛሬውን ሁኔታ ትሰማላችሁ። ካርታው የዛሬውን ጎርፍ አያውቀውም።

ደጀን_ኬላ፦

ይኸን ሁሉ ከማሰብ ሌሊቱን ሙሉ መንዳት አይሻልም? ከባድ መኪኖቹ ሌሊት ነው የሚሄዱት።

የቆላው፦

@ደጀን_ኬላ ሙቀቱን ትቀንሳለህ፣ ሌላ ነገር ትገዛለህ። ግመል አስፋልቱ ላይ ይቆማል፤ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ መብራትህ እግሩን ነው የሚያየው፣ ስትመታው አካሉ በመስታወት ይገባል። የተበላሸ ተሳቢ መኪና ያለመብራት ይቆማል፤ ምልክቱ ከኋላው የተደረደረ ድንጋይ ነው፣ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ደግሞ ድንጋዩ መንገዱ ላይ ይቀራል። እንቅልፍ የሚያይለው ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ተኝቶ በ10 መነሳት ነው የተሻለው። መንጋት ሲጀምር ግመሉም ይታያል፣ አየሩም ገና ነው።

ሲስተር_ፍኖተሰላም፦

ከመኪናው በፊት ከአጎትህ ልጀምር።

የሚወስዱት መድኃኒት ስሙ ምን እንደሆነ እይ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፍሮሴማይድ ከሆነ ሽንት የሚያበዛ ነው፤ ውሃና ጨው አብሮ ያስወጣል። ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል ከሆነ ልባቸው ለሙቀቱ የሚፈልገውን ያህል እንዳይመታ ይይዘዋል። አምሎዲፒን ብድግ ሲሉ ሊያዞራቸው ይችላል። በራሳችሁ አታቋርጡ፣ አትቀንሱም። ከመነሳታችሁ ሳምንት በፊት ሐኪማቸው ዘንድ ሄዳችሁ «ወደ አፋር በነሐሴ» ብላችሁ ንገሩት፤ መጠኑን የሚያስተካክለው እሱ ነው። የአለርጂ መድኃኒት፣ አሚትሪፕቲሊን፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ላብ የሚከለክሉ አሉ፤ ሌሎቻችሁም የምትወስዱትን እዩ። ኢንሱሊን የሚይዝ ካለ ዳሽቦርድ ላይ እንዳያስቀምጠው። እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

ጾሙን በተመለከተ በቀጥታ ልናገር። በዚያ ሙቀት ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ለ61 ዓመት የደም ግፊት ሕመምተኛ አይሆንም። ሰው በእንዲህ ያለ አየር ተቀምጦ እንኳ ብዙ ያልበዋል፤ ቢንቀሳቀስ በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊያጣ ይችላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጠጣው ያን አይመልሰውም። አጎትህ ከመነሳታቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ለሕመምተኛና ለመንገደኛ እንዴት እንደሚደረግ እሳቸው ያውቃሉ። መንገድ ላይ ከሆነ በኋላ ክርክር አትጀምሩ።

አሁን ውሃው። አየሩ ከቆዳህ ሙቀት ካለፈ፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ በላይ ከሆነ፣ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ያሞቅሃል እንጂ አያበርድህም። የሚያድንህ ላብ መትነኑ ብቻ ነው። ደረቅ በረሃ ላይ ደግሞ ላቡ ወዲያው ስለሚተን «አላላበኝም» ትላለህ። ካናቴራህ ጀርባ ላይ ነጭ የጨው ካርታ ካየህ ግን ስንት ሊትር እንደሄደ ያሳይሃል። ለዚህ ነው ጥማትን መጠበቅ የሌለብህ። በየ15 እስከ 20 ደቂቃ አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር ያህል። በሰዓት ከ750 ሚሊ እስከ አንድ ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ በሰዓት አትጠጡ። ንጹሕ ውሃ ብቻ ሲግቱ መዋል የደም ጨውን ያቀጥናል፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መቃዠት ያመጣል፣ ሙቀት የመታው ሰው ይመስላል፣ ሰው ደግሞ ያኔ ሌላ ውሃ ይጨምርበታል።

ስለዚህ ጨው ከምግብ ይግባ። ኦአርኤስ ከፋርማሲ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ነው፣ በግማሽ ሊትር አትበጥብጡት። ካለቀ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ደልደል ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቅመሱት፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ድፉትና እንደገና ሥሩ። የእኛ በሶ በውሃ በጥብጦ ትንሽ ጨው ጣል አድርጎ ሲጠጣ ለዚህ መንገድ የሚሆን ነው፤ የጾምም ነው። ዳቦ ቆሎና ቆሎ ያዙ፣ ግን ውሃ ሳይኖር አፍ ከማድረቅ በቀር አይረዱም።

ሽንትን ተመልከቱ። እንደ ውሃ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ጥሩ ነው። እንደ ጠጅ ከሆነ ዘግይታችኋል። እንደ ጠላ ከጠቆረ፣ ወይም ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ካልመጣ፣ ጉዞው ይቁም።

ጫትና አረቄ ወደ መኪናው አይግቡ። ጫቱ የልብ ምት ይጨምራል፣ ጥማትንና ድካምን ይሸፍናል፤ ሾፌሩ የሚወድቀው ሳያውቀው ነው።

ሰው ሲወድቅ። ደረጃውን ለዩ። ባቱን ወይም ሆዱን እየያዘው ከጮኸ ጥላ፣ እረፍት፣ ኦአርኤስ ይበቃዋል። ብዙ እያላበው፣ እየገረጣ፣ እያቅለሸለሸው፣ ራሱን ካዞረው ደግሞ ተዳክሟል፤ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ፣ ልብሱን ፈታ፣ ውሃ አርከፍክፉ፣ ነቅቶ ከሆነ ቀስ እያለ ይጠጣ። በ30 ደቂቃ ካልተሻለው ጤና ጣቢያ።

ሦስተኛው ሂትስትሮክ ነው፣ የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲወጣና አንጎል ሲታወክ። ቴርሞሜትር ባይኖራችሁም በንግግሩ ታውቁታላችሁ። «ዛሬ ምን ቀን ነው? ትናንት የት አደርን?» በሉት። ከተንተባተበ፣ ከተቆጣ ያለምክንያት፣ ከተንገዳገደ፣ ወይም ዝም ካለ፣ ሌላ ምልክት አትጠብቁ። «ላቡ ከቆመ ነው» የሚሉ አሉ፤ እያላበውም ሊሆን ይችላል።

ያኔ ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ጫኑ። ሁለቱንም በአንዴ ማድረግ ከቻላችሁ እሰየው። ልብሱን አውልቁ። ያላችሁን ውሃ ከአንገት እስከ እግር አፍስሱ፣ ለመጠጥ ከያዛችሁት ውጭ ያለውን የመኪናውንም ጭምር፣ አትሰስቱ። አንድ ሰው በካርቶን ወይም በነጠላ ሳያቋርጥ ያራግብ። በረዶ ወይም ቀዝቃዛ የታሸገ ውሃ ካለ በአንገቱ፣ በብብቱ፣ በብሽሽቱ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱን ማውረድ ነው ልዩነቱ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት፤ በጎኑ አስተኙት። ፓራሲታሞልና አስፒሪን ለዚህ አይሠሩም፣ አስፒሪን ይጎዳል። በአረቄ ማሸት የሚባለውን ተዉት።

አንድ ነገር አደራ። ሙቀት የመታው ሰው ብርድ ብርድ ሊለው፣ ቆዳው ሽፍ ሊል ይችላል። የደጋ ሰው ይኸን ሲያይ «ንዳድ ያዘው» ብሎ ጋቢ ይደርብበታል። ጋቢው ነው የሚገድለው። ወባ ከተነከሱ በኋላ ለመውጣት ቢያንስ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ በረሃ በገባችሁ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን የመጣ ትኩሳት ከዚያ የተያዘ ወባ አይደለም። አጎበር ግን ያዙ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ወዲያው ደም ተመርመሩ፣ የት እንደነበራችሁም ንገሩ።

ጋራዥ_ቡሬ፦

(ቡሬ ስል የጎጃሙን ነው፤ በአሰብ መንገድ ላይም ቡሬ አለ፣ ግራ እንዳይገባችሁ።)

ከክረምት ጎጃም የሚወጣ መኪና ትልቁ ችግሩ ጭቃ ነው። ራዲያተሩና ከፊቱ ያለው የኤሲ ኮንዴንሰር መካከል ጭቃና ገለባ ይጣበቃል። በደጋ አየር ቴምፕሬቸሩ አይነቃነቅም፣ ስለዚህ ማንም አያየውም። ሚሌ ላይ ኤሲ ከፍተህ ስትነዳ ነው የሚወጣው። ፍርግርጉን አንሡና ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በለሰለሰ ውሃ እጠቡ። በኃይለኛ ግፊት ከፊት ከተመታ ክንፎቹ ይታጠፋሉ፣ ጭቃው ወደ ውስጥ ይገባል።

ራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውሃ ካለ ቀይሩት። የተፈቀደው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል። ውሃ ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የእኩል በእኩሉ ቅልቅል በደህና ክዳን ግፊት ውስጥ ከ120 በላይ ይታገሣል። ልዩነቱን የሚሠራው ክዳኑ ነው፤ ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግፊት አይዝም። የራዲያተሩን ቱቦዎች ሞተሩ ቀዝቅዞ ጨምቃቸው፤ እንደ ብስኩት ከተሰነጣጠቁ ወይም ጫፉ ላይ ካበጡ ቀይር። ቺንጋውን ገልብጠህ እይ፣ ከተንጸባረቀ ይንሸራተታል። ሁለቱንም ትርፍ ያዝ፣ መፍቻቸውን ጭምር።

ቬንትሌተሩ ባለ ፈሳሽ ማያያዣ ከሆነ ሞተር ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ በእጅህ አዙረው። ትንሽ መክበድ አለበት። እንደ መጫወቻ ብዙ ዙር ከዞረ ፈሳሹ ወጥቷል፤ አየር አይጎትትም።

ቴርሞስታት። «ሙቀት አገር ስለምትሄድ አውጥተን እንጣለው» የሚል ሜካኒክ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ስታወጣው ከፊሉ ፈሳሽ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይዞራል፤ ሙቀቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አዲስ ግዛ።

ቴምፕሬቸሩ ሲወጣ፦ ኤሲ አጥፋ፣ ፍጥነት ቀንስ፣ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈት። ይቃጠላችኋል፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይስባል። ካልወረደ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አድርገህ ቁም። እንፋሎት ከወጣ ወዲያው አጥፋ። ክዳኑን ቢያንስ 30 እስከ 45 ደቂቃ አትንካ። ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ይዘህ ትንሽ አላላው፣ ጢሱ ይውጣ፣ ቀጥሎ ክፈት። ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ በጋለ ሞተር ላይ ካፈሰስክ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይሰነጠቃል፣ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል፤ ያኔ ጉዞው አበቃ። ለብ ካለ በኋላ ሞተሩን አስነስተህ ቀስ በቀስ ሙላ።

ባትሪ በሙቀት ነው የሚሞተው። ክዳን ያለው ከሆነ ፈሳሹ ከሰሌዳዎቹ በላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው፣ አሲድ አይደለም። ናፍጣ በጀሪካን ከያዝክ እስከ አፉ አትሙላ፣ ይሰፋል፤ ውጭ ታስሮ ይሂድ። ላይተርና በግፊት የታሸገ ማንኛውም ቆርቆሮ ከዳሽቦርድ ይነሳ።

ጨሞጋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሲስተር፣ የአጎቴ መድኃኒት የመጀመሪያው ነው፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ሐሙስ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፤ የንስሐ አባታቸውንም ዛሬ እጠይቃለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የውሃውን ጠቅላላ መጠን ማንም አልደመረልኝም። ጎማውስ? ንፋሱን ደብረ ማርቆስ አስተካክዬ ልሂድ ወይስ እዚያ? እዚያ ሙቀቱ ስለሚጨምረው ቀንሼ ልነሳ የሚል ሰው አለ።

የቆላው፦

ውሃውን ልደምር። ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር፣ ከዚህ 6 እስከ 8ቱ ለመጠጥ፣ ቀሪው ጨርቅ ለማርጠብና ለመታጠብ። አራት ሰው 40 ሊትር። ብትበላሹ የአንድ ቀን መጠባበቂያ ሌላ 40። ለመኪናው 20። መቶ ሊትር፣ አምስት ቢጫ ባለ 20 ጀሪካን። ጎጃም ሳትነሱ መሙላት አያስፈልግም፤ አዋሽ ላይ ሙሉት፣ 100 ኪሎ ደጋውን ሁሉ መሸከም ትርፉ ናፍጣ ነው። የመኪናውን ጀሪካን ምልክት አድርጉበት፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የነካው ውሃ መርዝ ነው፣ ከመጠጡ ጋር አይቀላቀል። ሁሉንም አንድ ቦታ አትደርድሩ፣ ከላይም አትጫኑ። ከኋላ ወንበር ሥር የሚገባ ሁለት ባለ 5 ሊትር ይኑር፣ መኪናው ቢገለበጥ በእጅ የሚደረስ።

ብትበላሹ ከመኪናው አትራቁ። መኪና ከሩቅ ይታያል፣ ሰው አይታይም። ውስጡም አትቀመጡ፣ የተዘጋ ካቢን ከውጭው አየር እጅግ ይሞቃል። በጥላው በኩል ሸራ ዘርጉ፣ ቢቻል ሁለት ድርብ ሆኖ መሃሉ አንድ ስንዝር ክፍት፤ የላይኛው ፀሐዩን ይቀበላል፣ ታችኛው ቀዝቀዝ ይላል። መሬቱ ላይ በቀጥታ አትቀመጡ፣ በቀትር ገጹ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ስኮርት ጎማው ወይም ጀሪካኑ ላይ ቁጭ በሉ። እጅጌው ረጅም፣ ሰፋ ያለ ነጭ ጥጥ ልብስ ልበሱ፣ አንገት ላይ እርጥብ ነጠላ፤ ካናቴራ ብቻ መሆን ላቡን ያባክናል። ከመነሳታችሁ በፊት ሰመራ ለሚቀር ሰው «እስከ 4 ሰዓት አፍዴራ ካልደወልን» ብላችሁ ተናገሩ፤ ኔትወርክ በየቦታው የለም።

ሐይቁ ዳር ደርቆ ነጭ የሆነው ጨው ላይ መኪና አታውጡ። ከላይ እንደ ሲሚንቶ ነው፣ ከሥር ጭቃ። የተነዳበት ዱካ ካለ በዱካው፣ ከሌለ የአካባቢውን ሰው አስቀድማችሁ።

ጋራዥ_ቡሬ፦

ጎማውን ቀንሶ መነሳት ትልቁ ስሕተት ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ይግላል፣ ሲግል ነው የሚፈነዳው። በሙቀት የሚፈነዳው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ንፋስ የጎደለው ነው። መንገድ ላይ ሲግል መለኪያው ቢጨምር እንኳ አታስተንፍሱ።

ደብረ ማርቆስና ሰመራ ላይ የሚነበበው ቁጥር ግን የሚገርም ሒሳብ አለው። 2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከ400 ሜትሩ በ3 ፒኤስአይ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ስትወርድ መለኪያው 3 ያህል ይቀንሳል። ከማለዳው 12 ዲግሪ ወደ 32 ዲግሪ መሄዱ ደግሞ 3 ያህል ይጨምራል። እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ ማለት ይቻላል። ስለዚህ በበሩ ፍሬም ላይ የተጻፈውን፣ ለሙሉ ጭነት የተሰጠውን ቁጥር ይዘህ ውጣ፤ ሰመራ ላይ ከመንጋቱ በፊት ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ እንደገና ለካ። የራስህ መለኪያ ይኑርህ፣ የየጎሚስታው መለኪያ ይለያያል።

ዕድሜውን ደግሞ ከጎኑ ላይ አንብብ። ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱና ዓመቱ ናቸው፤ 2319 ቢል በ2019 በፈረንጆቹ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ። ስድስት ዓመት ካለፈው ወይም ጎኑ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ አትሂድበት፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም። ሁለተኛ ስኮርት ጎማ ከሰርዶ ወዲያ ቅንጦት አይደለም። ስትነዳ 80 ይብቃህ። አሸዋ ከገባህ ወደ 18 እስከ 20 ፒኤስአይ አውርድ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፍ፣ አስፋልት ስትመለስ ግን በፓምፕ ሙላ። ሳይሞላ አስፋልት የሚወጣ ብዙ ነው።

ክሪክ ሥር የሚገባ ወፍራም የጣውላ ቁራጭ አትርሳ፣ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አሸዋ ላይ ክሪክ ወደ ታች ነው የሚሄደው።

ሲስተር_ፍኖተሰላም፦

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ ሐሙስ ሲሄዱ ኩላሊትና ፖታሲየም እንዲታይላቸው ጠይቁ፤ ውጤቱ ለሐኪሙ ውሳኔ ይረዳዋል። አጎትህ ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ ኤሲው በሚደርስበት። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እየደከመ መሆኑን ሾፌሩ አያይም።

ጨሞጋ፦

ሐሙስ ከሐኪሙ ስንመለስ መድኃኒቱን ምን እንዳደረገው እጽፋለሁ። ጋራዥ፣ ራዲያተሩን ዛሬ አስከፈትኩት፤ ከኮንዴንሰሩ መካከል የወጣው የገለባና የጭቃ ነገር አንድ ጣሳ ይሞላል።

ጋራዥ_ቡሬ፦

ያ ነው። አሁን ክዳኑን ቀይር፣ ከዚያ አንድ ጊዜ አባይ በረሃን ውረድና ኤሲ ከፍተህ ውጣበት። ዳገቱ ላይ ቴምፕሬቸሩ ከመሃሉ ካልተነቃነቀ ለአዋሽ ተዘጋጅቷል። ከተነቃነቀ ደጀን ላይ ነው የምታውቀው፤ ገዋኔ ላይ ከማወቅ ይሻላል።